ኦሞ፣ ቴዚ፣ ኡሱካኒ፦ የጀልባ ስሞች ከየት መጡ፣ ለእኛስ ምን ይጠቅሙናል?

የመኪናን ነገር ለእኛ ማንም አይነግረንም። በሞያሌ መንገድ ዕድሜያችንን የጨረስን ሰዎች ባሌስትራ ሲሰበር በድምፁ እናውቀዋለን። ስፖንዳው ካልተቆለፈ፣ ሸራው ካልተወጠረ፣ ጭነቱ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ሹፌሩን አስቁመን እንከራከራለን። ባሌስትራ፣ ስፖንዳ፣ ቸርኬ የምንላቸው ቃላት ከጣልያን መኪናዎች ጋር የመጡ ናቸው። ዕቃው ሲመጣ ስሙም አብሮ መጣ፤ ስሙን ስላወቅን ደግሞ ሲበላሽ መናገር ቻልን። ጀልባ ላይ ስንወጣ ግን አፋችን ይያዛል። «የፊቱ»፣ «የኋላው»፣ «ያ እንጨት»፣ «ያ ገመድ» ከማለት አናልፍም።

ከውሃ ጋር ያለን ነገር ደግሞ ጨምሯል። ሞምባሳ ዕቃ የሚያወጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን በሊኮኒ ፌሪ ይመላለሳሉ። ከጅቡቲ ወደ ታጁራ የሚሻገሩ አሉ። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዞ ላሙ፣ ዛንዚባር፣ ኪሱሙ ወይም እንቴቤ የሚሄድ ቤተሰብ ብዙ ነው። አገር ቤት የገባውም ሐዋሳ ወይም ቢሾፍቱ ጀልባ ተከራይቶ ይዝናናል፣ ጣና ላይ ገዳም ሊሳለም ይሳፈራል። ስለዚህ የጀልባን ዋና ዋና ክፍሎች ስም ከነታሪካቸው ለማሰባሰብ ሞከርን። ስዋሂሊኛውን ልጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ግድ የለም፣ ከእነሱ እንማራለን።

ጀልባ የሚለው ቃል

«እኛ የደጋ ሰዎች ነን፣ ባሕር ምናችን ነው» የሚል ወሬ አለ። ልክ አይደለም። ከዛሬ ሁለት ሺህ ዓመት ግድም በግሪክኛ የተጻፈ «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የሚባል የነጋዴ መመሪያ አለ። የትኛው ወደብ ላይ ምን ይሸጣል፣ ምን ይገዛል፣ በየትኛው ወር መነሳት ይሻላል እያለ የሚዘረዝር ነውና ጸሐፊው እንደ እኛው ነጋዴ ሳይሆን አይቀርም። አዱሊስን ይጠቅሳል፤ የዝሆን ጥርስ የሚወጣበት የአክሱም ወደብ ነበር። ከዚያ በሶማሌ ጠረፍ አድርጎ ወደ ደቡብ ይወርድና ዛሬ ታንዛኒያ በምንላት አገር ጠረፍ ላይ ራፕታ የምትባል የመጨረሻ ገበያ ላይ ይደርሳል። ስሟ የመጣው ከጀልባዎቿ ነው፤ በግሪክኛ «የተሰፋ» ማለት ነው። ሳንቃው በምስማር የተመታ ሳይሆን በገመድ የተሰፋ ጀልባ ነበራቸው።

ይህ አሠራር የእኛም ሰፈር ነበር። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው የቢዛንታይኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ በቀይ ባሕርና በሕንድ ባሕር የሚሄዱ መርከቦች በብረት ምስማር እንዳልተመቱ፣ በገመድ እንደታሰሩ ይናገራል። ንጉሥ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 አካባቢ ሠራዊቱን ከአዱሊስ ወገን ወደ የመን ያሻገረው በዚያው ባሕር ላይ ነው። ምስማር ያልተመታው ባሕር ውስጥ ብረት የሚስብ የማግኔት ድንጋይ ስላለ ነው የሚል ተረት በዚያ ዘመን ይወራ ነበር። ፕሮኮፒየስ ራሱ አላመነበትም። የተሰፋ ጀልባ አሸዋና ኮራል ላይ ሲወጣ እንደ ምስማሩ ጀልባ አይሰነጠቅም፣ ትንሽ ይለጠጣል፤ ሲላላም እንደገና ይሰፋል። በላሙ አካባቢ ምቴፔ የሚሉት የተሰፋ ጀልባ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ይሠራ ነበር።

ጀልባ የሚለው ስምም ከዚሁ ባሕር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1183 ኢብን ጁበይር የተባለ የአንዳሉስ ሰው ለሐጅ ሲሄድ ከግብፅ ወደብ ከአይዛብ ወደ ጅዳ ተሻገረ። የተሳፈረባቸው መርከቦች «ጀልባ» እንደሚባሉ ጽፏል። በኮኮናት ቃጫ የተሰፉ፣ በሻርክ ዘይት የታሹ፣ ሸራቸው ከዘንባባ መሰል ቅጠል የተሠራ ነበር። አማርኛ ቃሉን የወሰደው ከቀይ ባሕር ዐረብኛ ነው፤ ሸራም ከዐረብኛው «ሺራዕ» ጋር አንድ ነው። በግዕዝ መርከብ «ሐመር» እንደሚባል ሐመረ ኖኅን የሰማ ሁሉ ያውቃል። በገበያና በወደብ አፍ ግን መርከብና ጀልባ አሸነፉ። የጭነት መኪናችን ላይ የምንወጥረው ሸራም ከባሕር ወጥቶ የብስ ላይ የገባ ቃል ነው ማለት ነው።

ኢብን ጁበይር ከስሙና ከስፌቱ ሌላ አንድ ነገር ጽፏል፤ ለእኛ ዋናው እሱ ነው። የጀልባዎቹ ባለቤቶች መንገደኛውን አንዱን በሌላው ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ያጭቁት ነበር። ምክንያቱንም ይነግረናል፦ ባለቤቱ የጀልባዋን ዋጋ በአንድ ጉዞ ከመለሰ፣ ከዚያ በኋላ ብትሰጥምም ብትመለስም አያሳስበውም ነበር። ይህ ከተጻፈ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ፊትና ኋላ፣ ግራና ቀኝ

የጀልባ ፊት በስዋሂሊኛ ኦሞ ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ባው ነው። የኋላው ቴዚ፣ በእንግሊዝኛ ስተርን። ከታች ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው የጀርባ አጥንት ምኩኩ ነው፤ እንግሊዞቹ ኪል ይሉታል። ሸራው የሚሰቀልበት ቋሚ ምሰሶ ምሊንጎቲ ነው፤ በመጽሐፍ አማርኛ ደቀል ይባላል። በምሰሶው ላይ በሰያፍ የሚሰቀለውና ሸራውን የሚይዘው ረጅም እንጨት ፎሮማሊ ነው፣ ሸራው ታንጋ፣ መልሕቁ ናንጋ። ካፒቴኑ ናሆዛ ነው፤ ቃሉ ከፋርስ አገር ተነሥቶ ሕንድን፣ ዐረብንና ስዋሂሊን ያዳረሰ ነው። የላሙን የእንጨት ጀልባ ለመረዳት ይህ ይበቃል።

መሪው ለብቻው ወሬ ይገባዋል። በአማርኛ የመኪናውም መሪ ነው፣ የመርከቡም መሪ ነው። ስዋሂሊኛም እንደኛው ነው፤ ኡሱካኒ የጀልባም የማታቱም ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ሥራው ለየቅል ነው። መኪና የሚዞረው በፊት ጎማው ሲሆን ኋላው ይከተላል። ጀልባ ግን የሚገፋው ከኋላ ነው፤ መሪው ሲዞር ኋላው ወደ ውጭ ይወረወራል። ከወደቡ ግንብ ጎን ቆሞ እጁን ወይም እግሩን በጀልባውና በግንቡ መካከል ያስገባ ሰው የሚጎዳው ለዚህ ነው። ሌላም አለ፦ ጀልባ ካልሄደ መሪው አይሠራም። ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ ማዕበሉ በፈለገው ጎን ያቆመዋል።

ትንንሽ ጀልባዎች ላይ መሪው ክብ ሳይሆን እጀታ ነው። እጀታውን ወደ ግራ ስትገፉት ጀልባው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ይህ መገለባበጥ በትልልቅ መርከቦች ላይም ብዙ ሰው ሲያደናግር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 ታይታኒክ የበረዶውን ተራራ ሲያይ የተሰጠው ትእዛዝ በቃሉ «ወደ ቀኝ» የሚል ነበር፤ መርከቡ ግን የዞረው ወደ ግራ ነው። ስሕተት አልነበረም። በዘመኑ ልማድ ትእዛዙ የሚነገረው ለእጀታው እንጂ ለመርከቡ አልነበረም። ዓለም ይህን ልማድ ትቶ ትእዛዙ መርከቡ የሚዞርበትን አቅጣጫ እንዲናገር የተስማማው በ1930ዎቹ ነው።

ልጆቻችን «ለምን ግራና ቀኝ አይሉም? ፖርትና ስታርቦርድ ምንድን ነው?» ይላሉ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ የአንዱ ግራ የሌላው ቀኝ ነው። ጀልባ ላይ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አይቀመጥም፤ አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ ሸራ ይይዛል፣ አንዱ ወደ ኋላ ዞሮ ያወራል። ስለዚህ ከሰውየው ጋር የማይዞር፣ ከጀልባው ጋር የተሰፋ ስም አስፈለገ። ወደ ኦሞ ስታዩ በቀኛችሁ ያለው ጎን ስታርቦርድ ነው፣ በግራችሁ ያለው ፖርት ነው፤ እናንተ የትም ብትዞሩ አይለወጥም። ስታርቦርድ ማለት በጥንቱ እንግሊዝኛ «የመሪው ጎን» ማለት ነው። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች መሪ ኋላ መካከል ላይ ከመግባቱ በፊት በቀኝ በኩል የታሰረ ትልቅ መቅዘፊያ ነበር። ያ መቅዘፊያ ከግንብ ጋር እንዳይጋጭ ወደብ ላይ የሚጠጉት በግራው ጎን ነው፤ ፖርትም «ወደብ» ነው።

የግራው ስም ግን ብዙ ዘመን ሌላ ነበር፦ ላርቦርድ። ስታርቦርድ፣ ላርቦርድ። በነፋስና በማዕበል መካከል አንዱን ጮኻችሁ ተናገሩና ሌላው ሰው የትኛውን እንደሰማ ጠይቁት። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1844 ላርቦርድ የሚለውን ቃል ከልክሎ ፖርት በሉ ብሎ አዘዘ። ቃል በትእዛዝ ሲቀየር ብዙ ጊዜ ፖለቲካ ነው፤ ይኼኛው ግን ጆሮ ነው። በሌሊት ደግሞ በግራው ጎን ቀይ መብራት፣ በቀኙ አረንጓዴ ይበራል። ከላሙ ወይም ከኪሱሙ ዳር ቆማችሁ ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ ካያችሁ ጀልባው ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ እየመጣ ነው።

ገመድና መልሕቅ

በሸራ ጀልባ ላይ ማወቅ የሚገባው ገመድ አንድ ነው፤ ደማኒ። የሸራውን የኋላ ጥግ ይዞ የሚወጥረው ነው። ድንገት ኃይለኛ ነፋስ መጥቶ ጀልባው ሲያጋድል ባለ ጀልባው የሚለቀው ይህን ገመድ ነው፤ ሲለቀቅ ሸራው ይረግባል፣ ጀልባውም ቀና ይላል። ስለዚህ ደማኒው ላይ አትቀመጡ፣ ቦርሳችሁን አታኑሩበት፣ ልጅ በገመዱ ጥቅልል ውስጥ እንዲቆም አትፍቀዱ። ላሙ ላይ ከቤተሰብ ጋር በወጣንበት ቀን ናሆዛው «ካኤኒ ቺኒ!» ብሎ ጮኸ። ቁጭ በሉ ማለቱ ነበር። ከተሳፋሪው ግማሹ ምን ተፈጠረ ብሎ ተነሥቶ ቆመ። ልጆቻችን ናቸው የእንግዶቹን ቀሚስ እየጎተቱ ያስቀመጡት። ፎሮማሊው ከራሳችን በላይ ተገፍቶ አለፈ።

መልሕቅን በተመለከተ አንባቢዎቻችን ሁሉ የሚያውቁት ታሪክ አለ፤ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27። ለባሕር ቃላት በአማርኛ ከዚያ ምዕራፍ የተሻለ መማሪያ አላገኘንም። መሪው አለ፣ ሸራው አለ፣ ታንኳው አለ፣ ጥልቀት መለካት አለ። 276 ሰው በተሳፈረበት መርከብ ላይ በጨለማ ድንጋይ እንዳይመታቸው ፈርተው ከኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ! ያ ለትልቅ መርከብና ለዚያ ሌሊት የሚሆን ብልሃት ነበር፤ ሲነጋ ፊቱን ወደ ዳርቻው እንዳዞረ እንዲነዱት ነው። ትንሽ የሞተር ጀልባ መልሕቁን ከኋላ ቢጥል ሞተሩ የተሸከመው፣ ዝቅ ያለው ጎኑ ለማዕበሉ ይሰጣል፤ ውሃው በኋላው ይገባል። በትንሽ ጀልባ መልሕቅ ከኦሞ ነው የሚጣለው።

በዚያው ምዕራፍ መርከቡን ለማቅለል ስንዴውን ወደ ባሕር ጥለውታል። የኮሜርስ ዲፕሎማ ስንማር ጄኔራል አቬሬጅ የሚባል ነገር ነበር፤ ያኔ ለፈተና ብለን ሸመደድነው። መርከቡንና የሁሉንም ዕቃ ለማዳን የአንዱ ነጋዴ ጭነት ከተጣለ፣ ኪሳራውን ዕቃቸው የተረፈላቸው ሁሉ ይካፈሉታል። ሕጉ የሮድስ ደሴት ሰዎች ነው ይባላል፤ ሮማውያን ወሰዱት፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የባሕር ሕግም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ኤቨር ጊቭን የተባለችው መርከብ ስዊዝ ላይ ስትቀረቀር ባለቤቶቿ ይህንኑ ሕግ አወጁ፤ ዕቃቸው በላይዋ የነበረ ነጋዴዎች ዋስትና ሳያስይዙ መረከብ አልቻሉም። ኢንሹራንስ ሳይገዛ ኮንቴይነር የሚያስጭን ሰው ቢኖር ይህን ያስብበት። ከርዕሳችን ወጣን፤ እንመለስ።

ስም ያላወጣንለት ክፍል

ከጀልባ ክፍሎች ሁሉ ለሕይወታችን የሚበልጠው በአማርኛ ስም የለውም። እንግሊዞች ፍሪቦርድ ይሉታል፤ ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለው ደረቅ ጎን ነው። ሰው ሲጨመር ያ ደረቅ ጎን ያጥራል። እሱ ካጠረ ትንሽ ማዕበል ይበቃል፤ ትንሽ ማጋደልም ይበቃል፣ ጠርዙ ውሃ ይነካል፣ ውሃ ይገባል። የገባው ውሃ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ አጋደለው ጎን ይሮጣል፣ ማጋደሉን ያብሰዋል።

በእንግሊዝ አገር ሳሙኤል ፕሊምሶል የተባለ የምክር ቤት አባል ስለዚህ ደረቅ ጎን ብዙ ዓመት ተሟግቷል። የዚያን ጊዜ ባለ መርከቦች አሮጌ መርከብ ከዋጋዋ በላይ ኢንሹራንስ ገብተው፣ እስኪሞላ ጭነው ይልኳት ነበር፤ ብትደርስ ትርፍ፣ ብትሰጥም ትርፍ። የሚሞቱት መርከበኞች ናቸው። የኢብን ጁበይር ጀልባ ባለቤቶች ሂሳብ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን ተደገመ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1876 በወጣው ሕግ በመርከብ ጎን ላይ የጭነት መስመር መቀባት ግዴታ ሆነ። ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረበት፦ መስመሩ የት ይሁን የሚለውን ለባለቤቱ ተወው። በንዴት የጭስ ማውጫው ላይ የቀባ ካፒቴን ነበር ይባላል። ቦታውን ሕግ የወሰነው በ1890 ነው። ዛሬ ጅቡቲ ወይም ሞምባሳ ወደብ ቆማችሁ የመርከብ ጎን ብታዩ ክብ፣ በመካከሉ የሚያልፍ መስመር፣ አጠገቡ እንደ መሰላል የተደረደሩ ሌሎች መስመሮች አሉ። ለሞቃት ባሕር፣ ለክረምት ባሕር፣ ለጨው አልባ ውሃ ለየብቻ ነው። ጨው የሌለው ውሃ የመሸከም አቅሙ ትንሽ ያንሳል፤ ያው ጀልባ በዚያው ጭነት ጣና ወይም ቪክቶሪያ ላይ ከሞምባሳው ይልቅ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቀመጣል።

በእኛ አካባቢ የደረሰውን ሁላችንም ሰምተናል፤ ግን ቁጥሩን አንድ ላይ አስቀምጠን አናውቅም። ሚያዝያ 21 ቀን 1986 ዓ.ም. ሞምባሳ ላይ የምቶንግዌ ፌሪ ተገለበጠ፤ 272 ሰዎች ሞቱ። የመሸከም አቅሙ 300 ሲሆን የተሳፈረው 400 ያህል ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1988 ዓ.ም. ኤምቪ ቡኮባ ከቡኮባ ተነሥታ ምዋንዛ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ተገለበጠች፤ ከ800 ሰው በላይ አለቀ። የተፈቀደላት 430 ነበር። መስከረም 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በዚያው ሐይቅ ኤምቪ ኒዬሬሬ ወደ ኡካራ ደሴት ስትቃረብ 228 ሰው ሞተ፤ የተሠራችው ለ100 ሰው ነበር። ሦስቱም ጉዞዎች የተለመዱ፣ ሰው ዘወትር የሚመላለስባቸው ነበሩ። ሁለቱ የሆኑት ደግሞ ሊደርሱ ሲሉ ነው።

ሊደርሱ ሲሉ የሚለውን ልብ በሉት። ጀልባ ወደ ወደብ ሲቃረብ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቦርሳውን ይዞ ወደ መውረጃው ይሄዳል። ኒዬሬሬ የተገለበጠችው ተሳፋሪው ወደ አንድ ጎን ሲሰበሰብ ነው ተብሎ ተዘግቧል። ሲሚንቶ ከታች፣ ፍራሽ ከላይ መጫን እንዳለበት ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። የተቀመጠ ሰው ከታች ያለ ሲሚንቶ ነው፤ የቆመ ሰው ግን ከላይ የተጫነ ሲሚንቶ ነው። የድሮ ጀልባዎች ባዶ ሲሄዱ ከሥር ድንጋይ ወይም አሸዋ ይጭኑ ነበር፤ ስዋሂሊኛው ፋሩሚ ይለዋል። ከባዱ ነገር ታች ሲሆን ጀልባው ያጋደለውን ራሱ ያቀናል።

የቡኮባ ነገር ሌላም አስተማረ። ተገልብጣ ስትንሳፈፍ የያዛት በውስጧ የታመቀው አየር ነበር፤ ውስጧ የቀሩትን ለማውጣት አካሏ ሲቀደድ አየሩ ወጣና ሰጠመች። በኒዬሬሬ ደግሞ አንድ መካኒክ አየር በቀረበት ጥግ ተጠግቶ ከሁለት ቀን በኋላ በሕይወት ወጥቷል። ትንሽ ጀልባ ተገልብጦ ከተንሳፈፈ ሰው ይዞት ይቆይ እንጂ ትቶት ወደ ዳር አይዋኝ። ዳሩ ቅርብ ይመስላል፣ አይደለም፤ ነፍስ አድን የሚፈልግ ሰውም ከአንድ ራስ ይልቅ ጀልባውን ቶሎ ያየዋል።

ጃኬቱና ቀዩ ገመድ

እ.ኤ.አ. በየካቲት 1861 በእንግሊዝ አገር ዊትቢ ከተማ በአንድ ማዕበል ቀን 13 ነፍስ አዳኞች ሌሎችን ሊያወጡ ወጡ፤ ጀልባቸው ተገልብጦ 12ቱ ሞቱ። የተረፈው ሄንሪ ፍሪማን ብቻ ነው። በቡሽ የተሠራውን አዲሱን የሕይወት አድን ጃኬት የለበሰው እሱ ነበር። ከዚያ በኋላ ጃኬቱን ማስተዋወቅ አላስፈለገም። በእኛ ሐይቆች ላይ ጃኬቱ ብዙ ጊዜ ትራስ ነው፣ ወይም መቀመጫው ሥር ታስሮ ነው ያለው። ጀልባው ሲገለበጥ ታስሮ ያለ ጃኬት ከጀልባው ጋር ይሄዳል። የልጅ ጃኬት ደግሞ የልጅ ልክ መሆን አለበት፤ የአዋቂ ጃኬት ልጅን አያነሳም፣ ልጁ በሥሩ ሾልኮ ይወጣል። ከትከሻው ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት፤ ጆሮው ድረስ ከመጣ ልኩ አይደለም።

ትንንሾቹ ጀልባዎች ዛሬ የሚሄዱት ኋላቸው ላይ በተንጠለጠለ ሞተር ነው። ይህን ሞተር ለገበያ ያበቃው ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባል በአሜሪካ የኖረ ኖርዌያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1909። ለሚስቱ ለቤስ አይስክሬም ሊያመጣ በሙቀት ሐይቅ ሲቀዝፍ መጣለት ይባላል። እኛን ደስ ያለን ሌላው ነው፦ እሱ ሲሠራ ንግዱን የያዘችው ቤስ ናት። በሞተሩ ላይ ልታዩት የሚገባ ነገር ቢኖር ጫፉ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝ ቀይ ጥቅልል ገመድ ነው። ሌላው ጫፍ በነጂው እጅ ወይም ቀበቶ ላይ መታሰር አለበት። ነጂው ቢወድቅ ገመዱ ይነቀላል፣ ሞተሩ ይጠፋል። ካልታሰረ ግን ነጂ የሌለው ጀልባ እየዞረ ይመለሳል፤ ከውሃው ሥር ያለው ምላጭ ውሃ ውስጥ የወደቀውን ሰው አያይለትም።

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ከ20 ጫማ በታች የሆነ የሞተር ጀልባ ስትከራዩ ስንት ሰው፣ ስንት ክብደት የሚል ሰሌዳ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ሕግ ነው። በእኛ ሐይቆችና ጠረፎች ሰሌዳው ብዙ ጊዜ የለምና ዓይናችሁ ይሥራ። ከመሳፈራችሁ በፊት ዳር ቆማችሁ ጎኑን እዩ፦ ደረቁ ጎን ምን ያህል ነው? ፊቱና ኋላው እኩል ተቀምጧል ወይስ ኋላው ሰጥሟል? ውስጡ ውሃ አለ? ውሃ የሚጨልፉበት ጣሳ አለ? ከዚያ ተጨማሪ ሰው ሲጭኑ እንደገና እዩ። አልበቃኝም ብሎ ለመውረድ ጊዜው ያኔ ነው፤ የከፈሉት ገንዘብ ባይመለስም።

ስዋሂሊኛ ለማይቀናው፦ «ቱኮ ዋንጋፒ?» ስንት ነን ማለት ነው፣ «ማቦያ ያፖ?» የሕይወት አድን ጃኬት አለ ወይ ማለት ነው። ታጁራ ለሚሻገሩ ደግሞ በጅቡቲ ፈረንሳይኛ «ጂሌ» ማለት ይበቃል፤ ትንሽ ኮስተር ብሎ ከተጠየቀ ከሆነ ቦታ ያወጡታል።